የውሃ መፍሰስን ስለሚያስታውቅ ደወል

ውሃ በቧምቧው ውስጥ ሳለ የቤት አገልጋይ ነው፤ ከቧምቧው ሲወጣ ግን የቤት ጠላት ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር፥ ውሃው በጠፋ ጊዜ የተከፈተው ቧምቧ ሳይዘጋ ይረሳል፤ ሌሊት ውሃው ሲመለስም ቤተ ሰቡ እንደ ተኛ ወለሉ ይጥለቀለቃል። የረጠበ ምንጣፍና ግድግዳ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም አስም ላለበት ሰው ሳል ያስነሣል፥ ትንፋሽም ያሳጥራል።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ደወል አለ። ከሥሩ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉት፤ ውሃ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ኤሌክትሪክ ያልፍና ደወሉ ይጮኻል። የሚቀመጠውም፦

1ኛ/ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፤
2ኛ/ ከመጸዳጃው መቀመጫ ኋላ፤
3ኛ/ ከውሃ ማሞቂያውና ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው።

በየወሩም ነጥቦቹን በእርጥብ ጨርቅ ነክቶ መፈተን፥ ባትሪው ሲደክም መለወጥ ይገባል።

ደወሉ ይናገራል እንጂ ውሃውን አይዘጋም። ስለዚህ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ከቤተ ሰቡ እያንዳንዱ ይወቅ። ውሃው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ወዳለበት ከደረሰ ግን፥ እግርን ሳያረጥቡ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማጥፊያ ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ደወል ለሌለው ሰው የውሃ ቆጣሪው ያገለግለዋል። ማጠራቀሚያው ከሞላ በኋላ ቧምቧዎቹን ሁሉ ዘግቶ ማታ ቁጥሩን ይጻፍ፤ ጧት ጨምሮ ካገኘው የተሰወረ ፍሳሽ አለ። መምህራንም ይህን ሙከራ ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ አድርገው ቢሰጡ መልካም መሆኑን እናሳስባለን። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእሳት ብቻ አይደለምና።