ይቆርጣል ወይስ ያኝካል? የቡና መግረዣ መቀስ አመራረጥና አያያዝ ለሰበካ ጉባኤያት



በካፋ ምድር በቤተ ክርስቲያን ይዞታ ላይ የበቀለ ቡና ብዙ ሸክም ይሸከማል። የዕጣኑና የጧፉ ወጪ፣ የአገልጋዮች መተዳደሪያ፣ የጣሪያው ጥገና ከዚያው ፍሬ ይጠበቃል። ቡናው ሲያረጅ ፍሬው ይመናመናል፤ ያን ጊዜ ኮሚቴው ተሰብስቦ ገረዛና ጉንደላ ያቅዳል፤ ከዕቅዱም ግርጌ «የመሣሪያ ግዢ» የምትል አንዲት መስመር ትጻፋለች። የዚህ ትምህርት ጉዳይ ያቺ መስመር ናት።

ከስሕተታችን እንጀምር

በደካ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ደብር የመግረዣ መቀስ ስንገዛ፣ ቁጥሩ እንዲበዛልን ብለን ዋጋው ዝቅ ያለውን መረጥን። ገረዛው በተጀመረበት ቀን በዕድሜ የገፉ አንድ መሪጌታ የተቆረጠውን ጫፍ በጣታቸው ዳስሰው፣ «ዲያቆን፣ ይህ መቀስ ይቆርጣል ወይስ ያኝካል?» አሉን። ቀርበን አየነው፤ ልጡ ተላጦ፣ እንጨቱም ተጨፍልቆ ነበር። መልስ አልነበረንም።

መቀሱ ወፍራሙን ግንድ ባለመቻሉ ሠራተኞቹ ገጀራ አነሡ። በአንደኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ቅጠሏ የጠወለገ አንዲት ቡና ቆማ ነበር፤ «ይህችማ አልቆላታል» ተብላ በቅድሚያ ተቆረጠች። ያው ገጀራ ሳይታጠብ ወደ ቀጣዮቹ ተሻገረ። በተከታዩ ዓመት በዚያ መስመር የነበሩት ቡናዎች በተቆረጡበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ደረቁ። የወረዳው የግብርና ባለሙያ የአንዱን ግንድ ልጥ ፍቀው በውስጡ የተዘረጋውን ጥቁር ሰማያዊ መስመር ሲያሳዩን፣ በሽታውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ያጓጓዝነው እኛው መሆናችንን ተረዳን።

የግንድ አድርቅ በሽታ

ይህ በሽታ የቡና ግንድ አድርቅ ይባላል። መንሥኤው በዓይን የማይታይ ፈንገስ ሲሆን፣ ወደ ቡናው የሚገባው በአብዛኛው በቁስል በኩል ነው። ከገባም በኋላ ውኃ የሚመላለስበትን የግንዱን ሥር ይዘጋል። ቅጠሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምርና ይጠወልጋል፣ ይረግፋል፤ ከወራት በኋላም ዛፉ በሙሉ ይደርቃል። ለታመመ ዛፍ መድኃኒት አልተገኘለትም። መፍትሔው ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ሳይጎትቱ እዚያው ማቃጠል ነው።

በሽታው ቀላል አይደለም። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ከታየ ወዲህ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከአገሪቱ የሮቡስታ ቡና ግማሽ ያህሉን ገድሏል። በእኛ አገር የሚያጠቃው አረቢካውን ነው። እያንዳንዱ የገጀራ ምት በግንዱ ላይ የሚተወው ሰፊና ሸካራ ቁስል ለዚህ በሽታ የተከፈተ በር ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ስንመርጥ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ንጹሕና ጠባብ ቁስል ይተዋል ወይ? በቀላሉ ሊጸዳ ይችላል ወይ?

የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ?

በገበያ የሚገኙት የመግረዣ መቀሶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ልብስ መቀስ ሁለቱ ከንፈሮቹ ጎን ለጎን የሚተላለፉ ነው፤ አንደኛው ስለት፣ ሁለተኛው ቅርንጫፉን የሚይዝ ጠምዛዛ መንጠቆ ነው። ሁለተኛው ስለቱ በጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፍ ነው፤ አሠራሩ የቢላና የመክተፊያ ነው። ይህ ሁለተኛው ደረቅ እንጨት ለመቁረጥ ይጠቅማል፤ እርጥብ ቅርንጫፍን ግን ይጨፈልቃል። እኛ የገዛነው ይህንኑ ነበር። ለሕያው ቡና የሚስማማው ተላላፊ ስለት ያለው የመጀመሪያው ነው።

ውፍረትም መታየት አለበት። የእጅ መቀስ እስከ አውራ ጣት ውፍረት፣ ይኸውም እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላለው ቅርንጫፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ድረስ በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅም እጀታ ያለው መቀስ ይሠራል። ከዚህ የወፈረ ግንድ የመግረዣ መጋዝ ይፈልጋል። መቀስን ከአቅሙ በላይ ማስገደድ መቀሱንም ቡናውንም ያበላሻል። ገጀራ ለአረምና ለመንገድ ጥርጊያ ይቆይ፤ ሕያው የቡና ግንድ አይንካ።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ለግዢ የሚላኩ የኮሚቴ አባላት እርጥብ የቡና ቅርንጫፍ ይዘው ይሂዱ፤ ከመክፈላቸው በፊትም ይቁረጡበት። የተቆረጠው ፊት በጣት ሲዳሰስ ልሙጥ፣ ልጡም ዙሪያውን ሳይላቀቅ ከቀረ መልካም ነው። ቀጥሎ መቀሱን ዘግተው ወደ ብርሃን ያንሡት፤ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ቅርንጫፉን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ብሎኑ የሚፈታ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የማይፈታ መቀስ በደንብ አይጸዳም፣ አይሳልምም። ሞላው ሲደክም የሚለወጥ ይሁን። በመጨረሻም በመቀሱ የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይያዙት፤ ለእናቶችና ለወጣቶች እጅ የሚሰፋ እጀታ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ያደክማል። ግራኝ ሠራተኛ ካለም ይታሰብ።

ገንዘቡ ለአሥር ደካማ መቀስ ወይም ለአራት ጥሩ መቀስ የሚበቃ ከሆነ አራቱን ግዙ፤ ሥራውንም በተራ አድርጉት።

በማሳው ውስጥ

መቀሱ ሲያዝ ስለቱ በዛፉ ላይ ወደሚቀረው ክፍል፣ መንጠቆው ደግሞ ወደሚወገደው ቅርንጫፍ ይዙር፤ መንጠቆው የሚጫነው ክፍል ተቆርጦ የሚወድቀው እንዲሆን ነው። ረጅም ጉቶ አይተው፤ ዋናው ግንድም አይቁሰል።

ያረጀ ቡና የሚጎነደለው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ዝናብ ሳይገባ በበጋው ወራት ነው። ቁመቱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይተዋል፤ የተቆረጠው ፊት ውኃ እንዳያቁር ሰያፍ ይሁን። ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስቱ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ገና ቀጫጭን ሳሉ በመቀስ ይወገዳሉ። የተጎነደለ ቡና ዳግመኛ በወጉ እስኪያፈራ ዓመታት ስለሚወስድ ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓመት አትጎንድሉ፤ በሦስት ወይም በአራት ከፍላችሁ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብትሠሩ የቤተ ክርስቲያኑ ገቢ አይቋረጥም።

ይህ ሁሉ በጓሮና በማሳ ለተተከለ ቡና የተነገረ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበው በውስጡ በተጠበቀው የዱር ቡና ጭምር ነው። በጥብቅ ደን ውስጥ ያለውን ቡና በመቀስም ቢሆን አንነካም።

የስለት ንጽሕና

እናንተ አባቶች ከአገልግሎት በፊት እጅ መታጠብን ለሌላው የምታስተምሩ ናችሁ፤ ስለዚህ ይህ ክፍል ለእናንተ አይከብድም። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲታለፍ ስለቱ ይጸዳ። መጀመሪያ አፈሩና ሙጫው በጨርቅ ይጠረግ፤ ቆሻሻ ያለበት ብረት በመድኃኒት ብቻ አይነጻም። ቀጥሎ በአልኮል ይታሽ፤ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበጠበጠበት ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከር። ሥራው እንዳይጓተት ለአንድ ሠራተኛ ሁለት መቀስ ቢኖር አንዱ ሲነከር በሌላው ይሠራል። በረኪና ብረት ስለሚበላ በቀኑ ማብቂያ መቀሱ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባ። የጠወለገ ዛፍ ከታየ ምልክት ይደረግበትና ባለሙያ ይጠራ፤ ከጤነኞቹ በፊት ፈጽሞ አይቆረጥ።

መሣሪያው በንብረት መዝገብ ይስፈር፤ አንድ ኃላፊም ይሰየምለት። ከዕቃ ቤት ወጥቶ ለማገዶ መቁረጫ የዋለ መቀስ በዓመቱ ለቡና አይሆንም።

መደምደሚያ

ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ስለ ወይን ግንድና ስለ ገበሬው ባስተማረው ትምህርት መግረዝ ለፍሬ እንደሆነ አሳይቶናል። በእኛ እጅ ግን መግረዝ ለሞት ሆኖ አይተናል፤ ልዩነቱን ያመጡት የስለቱ ዓይነትና ንጽሕናው ነበሩ። በዚያ ደብር የደረቁት ቡናዎች ተነቅለው ተቃጥለዋል። ዛሬ ለግዢ ስንወጣ እርጥብ ቅርንጫፍ የምንይዘው የመሪጌታውን ጥያቄ መልስ ሳንይዝ እንዳንመለስ ነው።

ለውይይት

1. በእጃችን ያሉት መቀሶች ከሁለቱ ዓይነቶች የትኞቹ ናቸው? በእርጥብ ቅርንጫፍ ሞክረናቸው እናውቃለን?
2. በቡናችን መካከል በአንድ ወገን የሚጠወልግ ዛፍ አለ? ለባለሙያ አሳይተናል?
3. በሚመጣው በጋ የትኛውን የማሳችንን ክፍል እንጎነድላለን? የቀረውስ መቼ?
4. የመሣሪያው ቁልፍ በማን እጅ ነው? በረኪናውንና ዘይቱን የሚያቀርበውስ ማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።