ከራሳችን በላይ የሚፈሰው የቀትር ኤሌክትሪክ

አውሮራ ወደ እኛ ለምን አይመጣም?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከፀሐይ የተወረወረ፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ የጋዝ ደመና ምድርን መታ። በዚያ ሌሊት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰማይ አውሮራ በሚባለው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ተሸለመ። ተማሪዎች ፎቶውን ይዘው “እኛ ጋ ለምን አልታየም?” ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብርሃኑን የሚፈጥሩት ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች የምድርን መግነጢሳዊ መስመሮች ተከትለው ይጓዛሉ እንጂ በቀላሉ አያቋርጧቸውም። መስመሮቹ ወደ መሬት ቁልቁል የሚወርዱት በዋልታዎቹ አካባቢ ነው። በእኛ በኩል ግን ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆነው ተጋድመው ያልፋሉ። በዚህ ምክንያት ሰማያችን ምንም የማይሆንበት የሚመስለው ብዙ ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

የተጋደመችው መርፌ

ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ልብ እንድትዞር ሆና የተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ ኖርዌይ ላይ አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች። አዲስ አበባ ላይ ግን አግድም ልትሆን ምንም አይቀራት። መርፌዋ ፍጹም የምትጋደምባቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር መግነጢሳዊ የምድር ወገብ ይባላል። በካርታ የምናውቀው የምድር ወገብ በኬንያ በኩል ሲያልፍ ይኸኛው ኢትዮጵያን ያቋርጣል።

ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ?

ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ እጅግ ስስ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስ ጨረር ሞለኪውሎቹን እየመታ ኤሌክትሮን ይነጥቃቸዋል። ይህ ንብርብር የአዮኖስፌር ክፍል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና የቀለበት ቅርጽ ስትሰጣት፣ ያ የመንጠቅ ሥራ ለጥቂት ጊዜ ተዳክሞ ነበር። ፀሐይ የምታሞቀው አየር ነፋስ ይሆናል፤ ነፋሱም ይህን ንብርብር በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲነዳው ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ኃይል ይመነጫል።

እስከዚህ ያለው በሌላ አገር ሰማይም ይሆናል። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። ያ ኃይል ከመግነጢሳዊ መስኩ ጋር ሆኖ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ላይ ያነሣቸዋል፤ ኤሌክትሮን የተነጠቁት ከባድ ሞለኪውሎች፣ ማለትም አዮኖች፣ ግን ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከላይ አሉታዊ፣ ከታች አዎንታዊ ቻርጅ ይከማቻል። ሌላ ቦታ ቢሆን ክምችቱ ባዘነበሉት መስመሮች በኩል ይፈስ ነበር። እዚህ መስመሮቹ ስለተጋደሙ መውጫ ያጣል፤ ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ይሆንና ኤሌክትሮኖቹን ወደ ምዕራብ ያስሮጣቸዋል። ኤሌክትሮን አሉታዊ ስለሆነ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ነው እንላለን። ስፋቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ፍሰት ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ግድም ያይላል፣ ሲመሽ ይከስማል። ስሙ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ነው።

የሚያየው መሣሪያ

ኤሌክትሮጄቱ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ነው። አዲስ አበባ ላይ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ 36 ሺህ ናኖቴስላ ሲሆን፣ ቀትር ላይ ኤሌክትሮጄቱ 100 ገደማ ይጨምርበታል። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ጥሩ ማግኔቶሜትር ግን አይስተውም። በፔሩ፣ ዋንካዮ በተባለ ቦታ የሚሠራ ጣቢያ ይህን የቀትር ጭማሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መዝግቦታል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣለት ሲድኒ ቻፕማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሳይንቲስቶች በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ጣቢያ ፈለጉ። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው በዚያን ጊዜ ነው። የዛሬውም ተማሪ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ፤ አገሩ ለዓለም ሳይንስ የምትፈለግ መለኪያ ቦታ ናትና።

ከመሸ በኋላ

ኤሌክትሮጄቱ ቢከስምም ሰማያችን አያርፍም። ፀሐይ ስትጠልቅ የአዮኖስፌሩ የታችኛው ክፍል ኤሌክትሮኖቹን ቶሎ ያጣል። ከሥሩ የሳሳውም ጋዝ እንደ አረፋ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። የጂፒኤስ ሳተላይት ምልክት በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። የስልክ ካርታ ለሚከተል ሰው ጉዳቱ ብዙም አይሰማም። መሬት በሴንቲ ሜትር ለሚለካ ቀያሽ ግን፣ በተለይ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት፣ በመጋቢትና በመስከረም ምሽቶች ከሥራው በፊት የአዮኖስፌሩን ሁኔታ ማየት ይበጀዋል።