በመስመር የተዘራ ሰብልና የመኮትኮቻ መሣሪያ ንግድ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ደጋ አንሥተው እስከ በሽሎ ሸለቆ የሚወርዱ አገሮች ናቸው። በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች፣ በወይና ደጋውና በቆላው ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ይበቅላል። በእነዚህ ማሳዎች ሁሉ ከዝናብ ጋር የሚመጣው ባላጋራ አረም ነው። ገበሬው አረሙን በእጁ፣ በወንፈልና በደቦ ሲነቅል ኖሯል፤ ጉልበት ሲያጥረው ግን ወደ ሱቅ ሄዶ ቱ ፎር ዲ የተባለውን ፀረ አረም ይገዛል። የሚሸጥለት ነጋዴ የመድኃኒቱን ጠባይ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊ አረሞችን ይገድላል፤ የሣር ወገን የሆኑትን ጤፍን፣ ስንዴንና ገብስን ግን በልኩና በጊዜው ሲረጭ አይጎዳም። ከዚህ ጠባዩ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ እንክርዳድና ሲናር የሣር ወገን ስለ ሆኑ አይሞቱም፤ ይህ መድኃኒት ብቻ በየዓመቱ የሚረጭበት ማሳ ለእነርሱ እየተለቀቀ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ድንች ቅጠለ ሰፊ ስለ ሆኑ ነፋስ ያመጣው ጠብታ ይጎዳቸዋል። ማሳዎች ትናንሽና ድንበርተኞች በሆኑበት አገር የአንዱ ርጭት ለጎረቤቱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። እንደ መጭ ያለው የንብ ቀሰምም ሲጠፋ የማር ንግድ ይጎዳል።

ገበሬው ከጥንት የሚያውቀው ሌላ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ሽልሻሎ ነው። በቆሎው ወይም ማሽላው ከፍ ሲል በቡቃያው መካከል በበሬ ይታረሳል፤ አረሙ ይገለበጣል፣ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፣ ትልሙም ውኃ ይይዛል። በብተና በተዘራ ማሳ ግን ማረሻው ከአረሙ ጋር ደኅናውንም ቡቃያ ያጠፋል። በመስመር በተዘራ በቆሎ መካከል 75 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚተው ማረሻ ያለ ችግር ያልፋል። ለስንዴና ለጤፍ የሚተወው 20 ሴንቲሜትር ያህል በመሆኑ ጠባብ ምላስ ያለው የእጅ መኮትኮቻ ወይም በእጅ የሚገፋ ባለ መንኰራኵር መሣሪያ ያስፈልጋል።

በመስመሩ ውስጥ የሚቀረውን አረም ግን መሣሪያው አያገኘውም። እርሱን በእጅ መንቀል፣ ወይም መስመሩን ብቻ መርጨት ይቻላል። በየ75 ሴንቲሜትሩ በተዘራ በቆሎ ላይ በመስመሩ 25 ሴንቲሜትር ወርድ ብቻ ቢረጭና የቀረው ቢኮተኮት፣ የሚረጨው መሬት ሲሦው ነው፤ ለ1 ሄክታር የተመደበው መድኃኒት ለ3 ሄክታር ይበቃል ማለት ነው። ኩትኳቶው አረሙ ገና ለጋ ሳለ፣ ዝናብ ጋብ ባለበት ረፋድ ሊሆን ይገባዋል፤ የተነቀለው በፀሐይ ይደርቃልና። በረጠበ መረሬ አፈር መሣሪያው በጭቃ ይያዛል። በመስመር መዝራትም ራሱ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ መስመራቸው ሰፊ በሆነው በበቆሎና በድንች መጀመር ይቀላል።

ስለዚህ አስመጪው መሣሪያውን በብዛት ከማዘዙ በፊት ጥቂት ናሙና አስመጥቶ በመረሬና በድንጋያማ መሬት ያስፈትን፤ ምላሱ የሚጠብና የሚሰፋ፣ ሲሰበርም የአገር ቀጥቃጭ የሚጠግነው ይሁን። ባለሱቁ ዕቃውን ከነመለዋወጫው ከሰኔ በፊት ያቅርብ። ፀረ አረም ሲሸጥም በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበውን ብቻ፣ ከነማስታወቂያ ወረቀቱ፣ ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለብጥ ይሽጥ። ላኪውም የጥራጥሬ ገዢዎች የመድኃኒት ቅሪትንና የአረም ፍሬን እንደሚመረምሩ ያውቃልና፣ በንጹሕ የተኮተኮተውን ምርት ለይቶ ቢገዛና ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ለገበሬው ከምክር ሁሉ የበለጠ ማበረታቻ ይሆነዋል።