ተማሪዎች በማኅበር ሆነው በአውሮፓ አገር ስለሚያደርጉት የአውቶቡስ ጉዞ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ጉዞ ትምህርት ቤት ነው ይባላል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ተምሮ እንደማይወጣ፥ አገር የዞረም ሁሉ አውቆ አይመለስም። ዓይን ያየውን ልብ ካላስተዋለው፥ ልብ ያስተዋለውንም እጅ ካልጻፈው፥ የወጣው ገንዘብና የተደከመው ድካም በመንገድ ላይ ይቀራል።

በአሁኑ ዘመን ተማሪዎች ሠላሳም አርባም እየሆኑ፥ ከመምህራቸው ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው፥ የአውሮፓን አገሮች በተራ መጐብኘታቸው የተለመደ ነገር ነው። ከዓለም ከተማ አንድ ተማሪ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ቢመረጥ፥ አንዱ ሲሄድ ብዙዎቹ ባልንጀሮቹ በትምህርት ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ መምህርና ሽማግሌ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ ነገር፥ የሚሄደው ልጅ ለቀሩት ምን ይዞላቸው ይመለሳል? የሚለው ነው።

፩። የመርሐ ቤቴው መንገደኛ

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆን ሰው ከራሱ ከመርሐ ቤቴ ተገኝቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ያደጉትም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ በጫኑ ጊዜ፥ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ሆነው ወደ ሎንዶን ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከመሳፍንትና ከመኳንንት ጋር አውሮፓን ሲጐበኙ ኅሩይ አብረው ነበሩ። ያ ጉዞ በሚያዝያ ተጀምሮ በነሐሴ ተፈጸመ። በኢየሩሳሌምና በግብፅ አድርጎም ፈረንሳይን፥ ቤልጅግን፥ ስዊድንን፥ ኢጣልያን፥ እንግሊዝን፥ ስዊስንና ግሪክን አዳረሰ።

ከዚህም ጉዞ ለአገር የተረፈ ፍሬ ነበረ። አልጋ ወራሹ በኢየሩሳሌም ሙዚቃ ሲመቱ ያዩአቸው አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ ለዘመናዊ ሙዚቃ በር ከከፈቱት መካከል ሆኑ። ኅሩይም የመንገዱን አኳኋን «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በተላኩ ጊዜም እንደዚሁ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጁ። ስለዚህ ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ አንባቢ በቤቱ ተቀምጦ ከእርሳቸው ጋር ተጓዘ። ተማሪውም ሊከተለው የሚገባ መንገድ ይህ ነው።

፪። ከመነሣት በፊት ስለሚዘጋጀው ነገር

በ1977 ዓ.ም. አምስት የአውሮፓ መንግሥታት በሉክሳምቡርግ አገር፥ ሼንገን በተባለች መንደር፥ በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማስቀረት ተዋዋሉ። ዛሬ በዚህ ውል ውስጥ 29 አገሮች ይገኛሉ። በአንድ ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ በእነርሱ መካከል መዘዋወር ይቻላል። እንግሊዝና አየርላንድ ግን ከዚህ ውል ውጭ ስለ ሆኑ የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

የቪዛው ማመልከቻ የሚቀርበው ተማሪዎቹ ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው። ጊዜውም ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ያልበለጠ፥ ከ15 ቀንም ያላነሰ መሆን አለበት። ለሕመም ጊዜ የሚሆን ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ዕድሜው ላልደረሰ ልጅም የወላጆቹ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ መምህሩ ለወላጆች በጊዜው ሊያስረዳ ይገባዋል፤ በችኮላ የተሰበሰበ ወረቀት አንድ ቢጐድል ልጁ ከደጅ ይመለሳልና።

፫። አገርን አስቀድሞ ስለ ማወቅ

የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፥ የሩቁን ነገር ለመመርመር የሚረዳው በቅርብ የታወቀው ነገር ነው። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ለሚ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም በሙከ ጡሪ በኩል ያልፋል። ይህን ቁልቁለትና ዳገት ሺህ ጊዜ ያየ ልጅ፥ ከፍታውን ግን ለክቶ ላያውቅ ይችላል።

ከጀርመን ወደ ኢጣልያ የሚሄዱ አውቶቡሶች የአልፕን ተራሮች ከሚሻገሩባቸው በሮች ዋነኛው ብሬነር ይባላል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,370 ሜትር ያህል ነው። ዓለም ከተማ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ የዓለም ከተማ ልጅ በብሬነር ሲያልፍ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ዝቅ ብሎ ይገኛል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በክረምታቸው በብሬነር በረዶ ሲከመር በዓለም ከተማ የማይከመረው ስለ ምንድር ነው? ምክንያቱ ብሬነር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ47ኛው ደረጃ፥ ዓለም ከተማ ግን በ10ኛው ደረጃ አካባቢ ስለሚገኙ ነው። ወደ ሰሜን በተራቁ መጠን የፀሐይ ጨረር እየተጋደመ ይወድቃል፤ የተጋደመ ጨረርም ሙቀቱ ይሳሳል።

በዚያው መንገድ ከኢንስብሩክ ከተማ በስተ ደቡብ የአውሮፓ ድልድይ የተባለው ድልድይ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፥ መንገዱ ከሸለቆው ወለል 190 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። መኪናው አይወርድም፥ አይወጣምም። ሌላው ጐብኚ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል፤ የጀማን ቁልቁለት የሚያውቅ ተማሪ ግን ይህ ድልድይ ስንት ድካም እንዳስቀረ ወዲያው ይገባዋል።

፬። በአውቶቡስ ውስጥ ስለሚያስፈልገው ሥርዓት

አውቶቡሱ በ8 ሰዓት ይነሣል ቢባል፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያልተማረ ልጅ ይቀራል፥ ወይም ጓደኞቹን ያስቀራል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሾፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። በአንድ ቀንም ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እስከ 10 ሰዓት ይፈቀድለታል። የነዳበትን ሰዓት በመኪናው ውስጥ ያለ መሣሪያ ይመዘግበዋል። ስለዚህ በጧት የባከነውን ጊዜ ሾፌሩ በማታ ሩጫ ሊያካክሰው አይችልም። የደከመ ሾፌር የሚያደርሰውን ጥፋት የገደል መንገድ ያለበት አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋልና፥ ይህ ሕግ በሽማግሌዎች ፊትም ቢነገር የሚጠቅም ነው።

፭። ስለ መመለስና ስለ አደራ

ሽማግሌዎች ልጁ በዚያው ይቀራል ብለው ቢሰጉ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ልጅን የሚመልሰው የዘበኛ ብዛት አይደለም፤ የሚጠብቁት ባልንጀሮቹና የተቀበለው አደራ ነው። አደራውም በግልጥ ቢነገረው መልካም ነው። ለምሳሌ በጀርመን አገር ከሙኒክ ከተማ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ፋተርሽቴተን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ከተማ እኅት ናት። ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ የከተማው እንግዳ ብቻ ሳይሆን የዓለም ከተማ መልእክተኛም ነው።

ተማሪው በየማታው በደብተሩ አምስት ነገር ይጻፍ፤ የደረሰበትን ቦታ፥ የተጓዘውን ርቀት፥ ያየውን ሥራ፥ ሥራው ከአገሩ ጋር የሚመሳሰልበትንና የሚለይበትን፥ የልዩነቱንም ምክንያት። በተመለሰ ጊዜ በትምህርት ቤቱ አደባባይ ቆሞ ያንብበው፤ ሽማግሌዎችም ይጠይቁት። ደብተሩ ከትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ጋር ይቀመጥ። ያን ጊዜ ያልሄዱት ሁሉ እንደ ሄዱ ይሆናሉ።

መልመጃ

1ኛ፤ 40 ሰው በተሳፈረበት አውቶቡስ አንድ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ቢያስጠብቅ፥ የሁሉም ሲደመር ስንት ሰዓት ይባክናል?

2ኛ፤ ብሬነር ከዓለም ከተማ ዝቅ ያለ ሲሆን የሚበርደው ለምንድር ነው?

3ኛ፤ ከትምህርት ቤትህ እስከ ቅርቡ ወንዝ ድረስ ሂድ፤ ከላይ የተነገሩትንም አምስት ነገሮች ጻፍ። ይህን በሚገባ የጻፈ ተማሪ ለሩቁ ጉዞ ተዘጋጅቷል።