ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ሲስተም፣ አንድ ኮምፒውተር

ዛሬ የምናወራው ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ግን በየራሳቸው ዲስክ ስለመጫን ነው። «ለምን ያስፈልገኛል?» ትሉ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ሊኑክስ ግን በነጻ ይገኛል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ሥራውን ለሌሎች ሲያሳውቅ ገና የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

በመጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አብሬያቸው ከምሠራ የወጣት ክበባት በአንዱ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ኡቡንቱ ልጭን ተቀመጥኩ። ሁለቱም ዲስኮች 500 ጊጋባይት ነበሩ። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ስነካ ለካ የተሳሳተውን መርጬ ኖሯል! የልጆቹ የሁለት ዓመት የድራማ ጽሑፍና ፎቶ ድምጥማጡ ጠፋ። ቅጂ አልነበረንም። ልጆቹ አልተቆጡኝም፤ ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ቅጂ ያዙ። ፋይላችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ።

2. ዊንዶውስ ላይ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለውን አጥፉ። ይህ ካልጠፋ ኮምፒውተሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ በከፊል ተኝቶ ነው የሚያድረው፤ ሊኑክስ በዚያ ዲስክ ላይ ቢጽፍ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

3. ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱን ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ጻፉ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

4. ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከመብራት ንቀሉ፣ ከዚያ የዊንዶውሱን ዲስክ አላቁ። ያልተሰካ ዲስክ በስህተት አይጠፋም። በተጨማሪም ሊኑክስ ማስነሻውን በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ነገ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው በራሱ ይነሳል።

5. ኡቡንቱን ጭናችሁ ስትጨርሱ እንደገና አጥፍታችሁ የዊንዶውሱን ዲስክ መልሱ። ስታበሩ የማስነሻ ምርጫ የሚያመጣውን ቁልፍ ተጫኑ፤ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኤስኬፕ ሊሆን ይችላል። የፈለጋችሁትን ዲስክ መምረጥ ነው።

ሰዓቱ በ3 ሰዓት ቢዛባ አትደንግጡ። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ሲይዝ ሊኑክስ ዓለም አቀፉን ይይዛል፤ የኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ሊኑክሱን የአገሩን ሰዓት እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል።

ወጣቶች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው! ገመድ መንቀል አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ የጠፋውን ፋይል ግን ዓመት ብንፈልገው ላናገኘው እንችላለን።

መወያያ፦ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በክበባችሁ ኮምፒውተር ላይ ቢጠፋ የማይተካ ምን አለ? ቅጂውስ ማን ጋ ነው?