አንድ ምልክት፣ ልዩ ልዩ አባባል፦ የቤተልሔምና የቆማ ዜማ እንዴት ይነጻጸር?

አንዱን ዜማ ሁለት ሊቃውንት ሲያዜሙት ልዩነት ይሰማል። ልዩነቱ ከዜመኛው ድምፅና ችሎታ የመጣ ነው ወይስ ከተማረበት ቤት? ይህ ሳይለይ የሚደረግ ንጽጽር የቤትን ሥርዓት ለግለሰብ ፈጠራ ይሰጣል፤ የሌላውንም ቤት አባባል እንደ ስሕተት ይቈጥራል። ለዚህ ጥያቄ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የተመቸ ነው። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት ከሚባሉት የዜማ ቤቶች ቤተልሔም በጋይንት፣ ቆማ ፋሲለደስ በእስቴ ይገኛሉ። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባም በጋይንት ነው።

የጋራው መሠረት

ሁለቱም ቤቶች ድጓን ከቅዱስ ያሬድ የተቀበሉ፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሚጋሩ ናቸው። የድጓውን ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ምልክቱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥና የመሳሰሉት ናቸው። ሁለተኛው አስቀድሞ ከተጠና ዜማ ቃል ተቀንጭበው የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ ፊደሉ ለተማሪው «ያንን እንዳልክ ይህንም በል» ይለዋል። ስለዚህ ምልክቱ የሚያስታውሰው ለተማረ ሰው ነው፤ የድምፁን ከፍታም ሆነ የቆይታውን ልክ አይወስንም። አንዱ ምልክት በሁለት ቤቶች ሁለት ትዝታ ሊቀሰቅስ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስት የልዩነት ደረጃዎች

የመጀመሪያው የቤት ልዩነት ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ተጎራባች አገሮች በመሆናቸው ልዩነቱን ያቆየው የቦታ ርቀት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ይበልጥ የሚያስረዳው ተማሪው ከመምህሩ አፍ መቀበሉና በዚያው ቤት ማስመስከሩ ነው።

ሁለተኛው የአፈጻጸም ልዩነት ነው። አንዱ ቃል በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ፣ በዝማሜ ከመቋሚያ ጋር፣ በመረግድና በጽፋት ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ይባላል። እንቅስቃሴው ራሱ የትርጓሜ አካል ነው። በትውፊት የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና አዲስ ዝማሜ አውጥተው ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩት፣ ስልቱም በልጁ ስም እንደ ተጠራ ይነገራል። በዚህ ጊዜ የታደሰው የመቋሚያውና የሰውነቱ አካሄድ እንጂ ቃሉ አይደለም።

ሦስተኛው የግለሰብ ልዩነት ነው፤ የድምፅ ጠባይ፣ የትንፋሽ አያያዝ፣ የፍጥነት ምርጫ። የዜመኛው ድርሻ ይህ ነው ሊባል የሚችለው የፊተኞቹ ሁለት ደረጃዎች ከተለዩ በኋላ ብቻ ነው።

ለጥናት የሚኖረው ፋይዳ

ከዚህ የሚከተለው የንጽጽር ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ አንዱ ዜመኛ አንዱን ቃል ደጋግሞ ሲለው፣ ቀጥሎ የአንድ መምህር ሁለት ደቀ መዛሙርት፣ በመጨረሻም ሁለት ቤቶች ይነጻጸራሉ፤ የአፈጻጸሙ ስልት ግን በሁሉም አንድ መሆን አለበት። ዜማ ሲቀዳም ቤቱ፣ የመምህሩ ሐረግና ስልቱ አብረው ሊመዘገቡ ይገባል። ያለዚህ በየስፍራው የተሰራጨው የቤተልሔም አባባል የሁሉ መለኪያ ይሆናል፤ የቆማም ተማሪ ከመምህሩ በትክክል የተቀበለውን እንደ ስሕተት ቈጥሮ ሊያርም ይነሣል። እንዲህ ያለው እርማት ከተደጋገመ ድጓው በብራና ላይ እንዳለ፣ አንዱ አባባል ግን ከነመምህሩ ሊጠፋ ይችላል።