የጉልበት ጅማት ቢበጠስ ኦፕራሲዮን የግድ ነው ወይ?

ወገኖች፣ እርፍ ጨብጦ በሬ ሲያዞር እግሩ ትልም ውስጥ ተይዞ ገላው ብቻ የዞረበት፣ ወይም ሸክም እንደያዘ ቁልቁለት ላይ የተንሸራተተ ሰው በየመንደሩ አለ። ጉልበቱ «ቋ» ይልና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያብጣል። ከዚያ መካሪው ይበዛል። አንዱ «ወጌሻ ይሸው» ይላል። ሌላው «በሬህን ሸጠህ ኦፕራሲዮን ካልሆንክ አንካሳ ሆነህ መቅረትህ ነው» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል።

የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ጉልበት ላይ ይገናኛሉ። አጥብቀው የያዟቸው አራት ዋና ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ በጎንና በጎን፣ ሁለቱ ደግሞ መካከል ላይ እንደ መስቀል ተጠላልፈው ይገኛሉ። በውስጥ በኩል ያለው የጎን ጅማት ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል። አስቸጋሪው ከመስቀሎቹ የፊተኛው ነው። እሱ ጨርሶ ከተበጠሰ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀድሞው አይገጥምም።

ታዲያ ካልገጠመ ቀዶ ጥገና የግድ አይደለም ወይ? አይደለም። ጉልበትን የሚይዘው ጅማት ብቻ አይደለማ! የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ሥራውን ያግዘዋል። በስዊድን አገር ይህ ጅማት የተበጠሰባቸው 121 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ነበር። አንደኞቹ ቶሎ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ሠሩ። ሁለተኞቹ በእንቅስቃሴው ብቻ ጀምረው፣ ካልተሻላቸው በኋላ እንዲሠራላቸው ተባለ። የአምስት ዓመቱ ውጤት በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከሁለተኞቹ ግማሽ ያህሉ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋቸው ቀርተዋል። በሁለቱ ወገን ጉልበት መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ግማሹ ግን አስፈልጎታል። የሚለየው ምልክት «መክዳት» ነው። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ በጀርባ ተኝቶ እግርን ሳያጥፉ ማንሣትና እስከ 10 መቁጠር (ለቁጥር ትምህርትም ይረዳል!)፣ ሳይደገፉ ከመደብ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ቆይቶም በአንድ እግር መቆም ነው። ሦስት ወር ያህል በትጋት ከተሠራ በኋላ በሬ ሲያዞሩ ወይም ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበቱ እየከዳ ከጣለ፣ ያ ሰው ቀዶ ጥገና ይገባዋል። በከዳ ቁጥር በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ትራስ ሊቀደድ ይችላል። የማይከዳው ሰው ግን በሬውን ለምን ይሸጣል?

ሦስት ወር የማይጠብቅ ነገርም አለ። እግር ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ጨርሶ መርገጥ ካቃተ፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያበጠ ጉልበት ግን አይታሽም፣ አይጎተትም።

ኦፕራሲዮን የሆነ ሰውም በማግሥቱ እርፍ አይጨብጥም። ከራሱ ገላ ተወስዶ የተተከለው ጅማት እስኪጠና ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ማጠንከሪያውም አይቀርለትም። ስለዚህ ሐኪሙን «የተበጠሰው የትኛው ጅማት ነው? ትራሱስ ተቀዷል ወይ? እርሻዬን ማን እስኪያርስልኝ ስንት ወር ልቀመጥ ነው?» ብላችሁ ሳትፈሩ ጠይቁት።